በተኛችው ሐይቅ ላይ ድንኳን እንዳይተከል

ቀን፦ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አክሊሉ
የወቅት ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው መረዳጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ገዳሪፍ

አመልካች፦ ዕፀገነት ቴዎድሮስ ስንሻው፣ ዕድሜ አሥራ ስድስት
አድራሻ፦ ከፋው ከተማ በስተሰሜን፣ ከቀዩ ጉብታ ሥር ያለው ካምቦ

ጉዳዩ፦ የካምቦአችን ሽማግሌዎች ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ ሁላችንንም ደረቅ ነው ብለው ወደመረጡት የጨው ሐይቅ ወለል ሊያዛውሩን ስለሆነ፣ ክረምት ሳይገባ በጽሑፍ ትእዛዝ እንዲታገዱልኝ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን አቤቱታ የምጽፈው በሽማግሌዎቹ ፈቃድ መሆኑን አስታውቃለሁ። በግንቦት ሚካኤል ማኅበር ላይ ከሴቶቹ ወገን ተነሥቼ ልናገር ስል፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆኑት አያ ባንታምላክ፣ "አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ከኸሪፍ ዝናብ ይብሳል። የምትይው ካለሽ ጽፈሽ ለሚመለከተው አቅርቢ" ብለውኛል። ሰዉም ስቋል። እኔም የሚመለከተው ማን እንደሆነ ሳስብ ሰንብቼ እርስዎን አገኘሁ። አያ ባንታምላክ የተናገሩት ሁሉ ሲፈጸም ማየት የሚወዱ ሰው ናቸውና፣ እነሆ ፈጽሜላቸዋለሁ።

1. እኛ ከመተማና ከቋራ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ድንበር ተሻግረን በዚያው የቀረን ሰዎች ነን። መጀመሪያ ፋሽጋ ነበርን፤ እዚያ ተኩሱ ሲበዛ ወደ መፋዛ ወጣን፤ ከመፋዛም ወደ ፋው። እንመለስ ስንል መንገዱ ከወዲያ ይዘጋል፤ እንቆይ ስንል ከወዲህ ይከፋል። አባቴ ቴዎድሮስ መፋዛ ላይ በራሃድ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ያጠጣል፤ የምናየው በበዓል ነው። እናቴ ውዴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። ታናናሾቼም አሉ። እኛን የያዙን የአባቴ አባት አባባ ስንሻው ናቸው፤ የካምቦው ሽማግሌዎች አለቃና የሚካኤል ማኅበር ሙሴም እሳቸው ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ሰሊጥ ጆንያ ላይ አፍስሰው፣ በጣታቸው እየጻፉ፣ ስሳሳት በመዳፋቸው እያጠፉ። እንግዲህ የምከሳቸው ራሳቸው በሰጡኝ ፊደል መሆኑ ይታወቅልኝ፤ ለእሳቸውም እንደ ውለታ ይቆጠርላቸው።

2. እስካሁን የተጠለልንበት ካምቦ የአንድ እርሻ መጋዘን ነው። ባለቤቱ ጦርነቱ ከቤታቸው ያፈናቀላቸውን ዘመዶቹን ሊያስገባበት ስለሆነ ልቀቁ ተብለናል። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ እነሱም ስደተኛ፣ እኛም ስደተኛ። የእርሻው ወኪል አብዱልሰላም ጨዋ ሰው ነው። ባዶ እጃችንን ሊያስወጣን ስላልፈለገ፣ "ከጉብታው ወዲያ ያለው ነጭ ሜዳ የማንም አይደለም፤ እስከ ኸሪፍ ተቀመጡበት" አለ። ኸሪፍ እዚህ አገር ክረምት ማለት እንደሆነ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ሽማግሌዎቻችንም ያውቃሉ፤ ዐረብኛው ከእኔ ይልቅ ለእነሱ ይቀናቸዋል። ነገር ግን ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ "ለምን እስከዚያ ብቻ?" ብሎ አልጠየቀም። "ኸሪፍ ሲመጣ የኸሪፉን እንነጋገራለን" ተባብለው፣ አብዱልሰላምን መርቀው ተነሡ። ምርቃቱ ረጅም ነበር። በዚያ ርዝመት ውስጥ ጥያቄዋ ትገባ ነበር።

3. ነጩ ሜዳ ሜዳ አይደለም፤ ሐይቅ ነው። ውኃ የሌለው ሐይቅ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል፤ ሽማግሌዎቹን ማስረዳት ያቃተኝም እዚሁ ላይ ነው። ከጉብታው ላይ ሆነው ሲያዩት ማዶው አይታይም። ወለሉ የሚረገጥ ጨው ነው፤ ሲሄዱበት እንደ ደረቀ ቂጣ ይሰበራል። ከቀትር በኋላ ብርሃኑ ዐይን አያስገልጥም፤ ራቅ ብሎ የሚሄድ ሰው እግሩ ጠፍቶ ወገቡ ብቻ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል። ከብት ነጂዎቹ ቦታውን "ናይማ" ይሉታል፤ "የተኛችው" ማለት ነው። አያ ባንታምላክ ይህን ሲሰሙ "የተኛ ማንን ጎዳ?" አሉ። እኔ ግን አያ ባንታምላክ ራሳቸው ከቀን እንቅልፋቸው ሲቀሰቀሱ ምን እንደሚሆኑ ስለማውቅ፣ መልሱ አላጽናናኝም።

4. ሽማግሌዎቹ ቦታውን ሳይመረምሩ መረጡት ማለት ግን ግፍ ይሆንብኛል። መርምረዋል። አባባ በከዘራቸው መቱት፤ ከዘራው ነጠረ። ሌሎቹ ተራ በተራ ረገጡት፤ አልሰመጡም፤ ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አያ ባንታምላክ ደግሞ ከወለሉ ቆንጥረው በምላሳቸው ቀመሱና፣ "ጨው ነው። ጨው የነካው ነገር አይበላሽም፤ ሥጋ እንኳ በጨው ይከርማል" አሉ። ቋንጣ መሆናችንን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ አባባ ዙሪያውን ቃኝተው፣ ምስጥ እንደሌለ፣ እሾህ እንደሌለ፣ ትንኝ እንደሌለ፣ እባብም እንደሌለ ቈጠሩና ከዚህ የተሻለ አውድማ የት ይገኛል አሉ። እኔም በአክብሮት፣ እባብ የሸሸው ቦታ እኛን እንዴት ይመቸናል ብዬ ጠየቅሁ። አያ ባንታምላክ፣ "እባብ ክርስቲያን አይደለም" ብለው ዘጉኝ።

ክቡርነትዎ፣ በዚህ አገር የአንዲት ግራር ጥላ እንኳ ባለቤት አላት። ይህን የሚያህል ምድር ከብት ሳይሰማራበት፣ ዱራ ማሽላ ሳይዘራበት፣ አንድ የሣር ራኩባ ሳይቆምበት እኛን ሲጠብቅ ኖሯል ብሎ ለማመን ትልቅ እምነት ያስፈልጋል። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ በእምነት አይታሙም።

5. ስሕተቱ ግን የሞኝ ስሕተት አይደለም፤ ይህን ሳላስረዳ ባልፍ ክቡርነትዎ ስቀው ወረቀቱን ያስቀምጡታል፤ እኛም እዚያው እንቀራለን። የእኛ ሰው ዕድሜውን የፈጀው በዋልካ፣ በጥቁሩ አፈር ላይ ነው። ዋልካ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ነው፤ በክረምት ትራክተር የሚውጥ ጭቃ ነው። ስለዚህ ቆላ ያደገ ሰው ሁሉ ልጁን "ከጥቁሩ ራቅ፤ ነጩን ፈልገህ ርገጥ" እያለ ያሳድጋል። በእኛ አገር ነጭ ማለት አሸዋ ነው፤ ጠጠር ነው፤ ውኃ የማይቋጥር፣ ሰው የሚሸከም ነው። እዚያ እውነት ነበር። እውነቱን እንደ ስንቅ ቋጥረን ተሻገርን፤ እዚህ ስንፈታው ሻግቶ እንደሆነ ግን ያሸተተው ሰው የለም።

አባባ ነጩን የሙጥኝ ያሉበት ሌላም ምክንያት አለ። ታላቅ ወንድሜ ታምሬ ፋሽጋ ላይ የትራክተር ረዳት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ትራክተሩ ኾሩን ሲያቋርጥ ዋልካው ያዘው። ኾር ማለት በበጋ የደረቀ የጎርፍ መውረጃ ነው። ዝናብ አልነበረም፤ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ያለ ነበር። ውኃው ግን ከሌላ ቦታ፣ ከማናየው አገር መጣ። ሾፌሩ ከትራክተሩ ጣሪያ ላይ ወጣ። ታምሬ ወርዶ ሊሮጥ ሞከረ፤ ጭቃው ከጉልበቱ ያዘው። አባባ ከማዶው ዳር ቆመው ያዩ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባባ ጥቁር መሬት ላይ ጎናቸውን አሳርፈው አያውቁም፤ መጋዘኑ ውስጥ እንኳ ከመኝታቸው ሥር አሸዋ ያስነጥፋሉ። ነጩን ሜዳ መጀመሪያ ያዩ ዕለት ዕንባቸው ወርዷል። ሌሎቹ ብርሃኑ ወግቷቸው መስሏቸው ነበር። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ብርሃኑ አልነበረም።

6. አሁን ነገሩ ለምን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ እንደመጣ ላስረዳ። በግንቦት 12 ጽዋው ሲዞር አባባ በሁለት እጃቸው ይዘውት ቆሙና፣ ከጰራቅሊጦስ ማግስት ነጩ ላይ እንሰፍራለን፣ ከዚህ ቃል የሚወጣ ከጽዋው ይውጣ አሉ። ሁሉም "ይሁን" ብሎ ጠጣ። በእኛ ማኅበር በጽዋ ላይ የታሰረ ቃል የሚፈታው በሚቀጥለው ጽዋ ብቻ ነው፤ ያውም ሰኔ 12 ቀን ነው። በመካከሉ ሙሴውም ቢሆኑ፣ ዐይናቸው እያየ ገደል ቢመጣም፣ ቃሉን ማንሣት አይችሉም። የምንዛወረው ሰኔ 2 ነው። ከሰኔ 2 እስከ ሰኔ 12 ያለው ጊዜ እንግዲህ የሚካኤል ነው፤ እኛ ምንም አናደርግበትም።

የማኅበር አለቃ ሙሴ እንደሚባል ክቡርነትዎ ያውቃሉ። የጥንቱ ሙሴ ሕዝቡን በባሕር መካከል በደረቅ መሬት አሻገረ። የእኛ ሙሴ በደረቅ መሬት ነድተው ወደ ባሕር ሊያስገቡን ነው። ይህን ለእናቴ ነግሬያት በማማሰያ ተመትቻለሁ። ከመምታቷ በፊት ግን ስቃለች፤ ሳቋንም በመዝገብ ያስፍሩልኝ፤ እንዛወራለን ከተባለ ወዲህ የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

7. ከዚህ በታች ያለው በዐይኔ ያየሁት ነው። ከጉብታው ሥር የሞቱ ግራሮች አሉ። ቅርንጫፎቻቸው ላይ፣ እጄን ዘርግቼ ከማልደርስበት ከፍታ፣ የደረቀ ደለልና ገለባ ተጠምጥሟል። በአንዱ ግራር ጉጥ ላይ ጨው የለበሰ የፍየል ራስ ከነቀንዱ ተሰክቷል። አያ ባንታምላክን አምጥቼ አሳየኋቸው። "ነፋስ ነው" አሉ። ፍየል አንሥቶ ዛፍ ላይ የሚሰቅል ነፋስ ካለ ድንኳናችንን ምን ሊያደርገው ነው ስላቸው፣ ጫማቸውን ተመለከቱና ፀሐዩ በረታ ብለው ተመለሱ።

የካምቦው ውሾች እስከ ጉብታው ይከተሉናል፤ ነጩ ከሚጀምርበት ሲደርሱ ግን ይቀመጣሉ። ብንጠራቸው ጅራታቸውን ይወዘውዛሉ እንጂ አይነሡም። ሰሞኑን ደግሞ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች መጥተዋል። ከሜዳው መካከል በአንድ እግራቸው ቆመው ይውላሉ። የሚለቅሙት የለም፤ የሚጠጡት የለም። ቆመው ይጠብቃሉ። ሙቀቱ ሲበረታም ቅርፊቱ ይንቋቋል፤ ድምፁ ጠፍር አልጋ ላይ የሚገላበጥ ሰው ድምፅ ነው። ፊት ከቀትር በኋላ ብቻ ነበር የሚሰማው። አሁን ጧትም ይሰማል።

ሰኪና የምትባል የፍየል ባለቤት ወተት ልትሸጥልን ትመጣለች። ሽማግሌዎቹ ከእሷ ጋር ስለ ወተት እንጂ ስለ መሬት አያወሩም። እኔ ጠየቅኋት። "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ናይማ ላይ አይዘንብም" አለችኝ። "የሚዘንበው ሌላ ቦታ ነው። አንቺ ወደ ሰማይ አይተሽ ፀሐይ ነው ትያለሽ፤ እሷ ከሥርሽ ትነቃለች።" ነቅታ ታውቃለች ወይ አልኳት። ሰኪና ልጅ ሳለች አንድ ጊዜ፣ ካገባች በኋላ አንድ ጊዜ ነቅታለች። በሁለተኛው የባሏ ወንድም ከነፍየሎቹ ሜዳው ላይ ነበር፤ ወደ ማዶ መንገድ ለማሳጠር ብሎ። ከዚህ በኋላ ወተቱን ሰፍራልኝ ሄደች። ግራሩ ላይ ያለችው ፍየል የማን እንደነበረች ያኔ ገባኝ።

ይህንን ለአያ ባንታምላክ ስነግራቸው፣ "ቦታውን ለፍየሎቿ ፈልጋው ነው" አሉ። የሰኪና ፍየሎች ከውሾቻችን ጎን ተሰልፈው ነጩን በሩቁ ሲያዩት ነው የሚውሉት።

8. በወሬ ነው የምትፈራው እንዳልባል ራሴ ቆፈርኩ፤ በእናቴ ጭልፋ። ነጩ ከአንድ ስንዝር አያልፍም። ከሥሩ ጥቁር ነው። አዲስ ዓይነት ጥቁር አይደለም፤ የምናውቀው ነው። ያቺው ዋልካ፣ ርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ እንደ ቆየ ጉድጓድ የምትሸት። ጨውን ነጠላ አድርጋ ለብሳ ተኝታለች።

ከጭቃው በጣሳ ይዤ ለአባባ ወሰድኩላቸው። ብቻቸውን ተቀምጠው ገመድ ይፈትሉ ነበር። ከየት እንደመጣ አልነገርኳቸውም። በጣታቸው ቆንጥረው አሹት፤ አሸተቱት። ጣታቸውን በገመዱ ላይ ጠረጉ።  ከዚያ፣ "ሌላ ሰው አይቷል?" አሉኝ። አላየም አልኩ። "በይ ድፊው፤ እጅሽን ታጠቢ" አሉ። ያን ዕለት እህል አልቀመሱም። በማግስቱ ግን ወጣቶቹን አስከትለው የማኅበሩን ድንኳን ሊያስተክሉ ወደ ነጩ ሄዱ። አምነውበት አልነበረም። ምለው ነው።

9. ዛሬ ነገሩ የደረሰበት እንዲህ ነው። የማኅበሩ ድንኳን በሜዳው መሐል ቆሟል፤ ወጣቶቹም ቦታ ለመያዝ እዚያው ሰፍረዋል። መሐሉ የተመረጠው ለፍትሕ ነው፤ ዳር ዳር ብንሰፍር አንዱ ለጉብታው ይቀርባል፣ ሌላው ይርቃል፣ ቅሬታ ይነሣል ተባለ። አሁን ሁላችንም ከመዳኛው እኩል ርቀናል። ሴቶች፣ ሕፃናትና ዕቃ ጽሕፈት ቤትዎ ሊልክልን በደግነቱ ቃል በገባቸው ሎሪዎች ሰኔ 2 ይጫናሉ። ከድንኳኑ እስከ ጉብታው ጎበዝ ሰው በደረቁ ሲመጣ ሸሚዙ በላብ ርሶ ይደርሳል። በርጥቡ፣ ጭልፋ በገባበት ጭቃ ላይ፣ ወሯ የገባ ሴት ልጅ አዝላ እንዴት እንደምትደርስ ሳስብ፣ ከሐሳቡ ማዶ መድረስ አልቻልኩም። ሎሪውም ቢሆን ከተያዘ የታምሬ ትራክተር ነው።

እናቴ "ሽማግሌ ካለ ምን እላለሁ" ብላ ዕቃ መቋጠር ጀምራለች። እሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ። ስለዚህ ይህ አቤቱታ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው አቤቱታ እንዳይመስልዎ።

10. ከላይ በዘረዘርኩት መሠረት ክቡርነትዎን የምለምነው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ሎሪዎቹ ወደ ነጩ ሜዳ እንዳይወርዱ ለሾፌሮቹ ትእዛዝ ይሰጥልኝ። ቢመጡ ግን ደስ ይለናል፤ ዕቃችንን ጉብታው ላይ ያውጡልን። ጉብታው ድንጋይ ስለሆነ ካስማ አይገባም፤ ሽማግሌዎቹም የናቁት በዚህና ከድንጋዩ ሥር ባለው ጊንጥ ነው። ካስማ ባይገባ ድንጋይ እንጭንበታለን። ጊንጡ ደግሞ መልካም ምስክር ነው፤ ጊንጥ የሚኖርበት ቦታ ሊኖሩበት የሚቻል ቦታ ነው። ለዚህም አብዱልሰላምን አንድ ቃል ቢያናግሩልን አይከለክልም።

ሁለተኛ፣ ለሽማግሌዎቹ የጽሑፍ ትእዛዝ ይድረሳቸው። ማኅተሙ ትልቅ ይሁን፤ ሽማግሌዎቻችን የሚነሡት ለደብዳቤው ሳይሆን ለማኅተሙ ነው። በትእዛዙ ላይ "ተሳስታችኋል" የሚል ቃል እንዳይገባ አጥብቄ እለምናለሁ። "ጽሕፈት ቤቱ ከልክሏል" ይበል፤ ይበቃል። በእኛ ዘንድ በጽዋ የማለ ሰው ከቃሉ በገዛ እጁ ከወጣ ቃል አፍራሽ ነው፤ ከበላይ ታዝዞ ከቆመ ግን "ተገደደ" ይባላል፤ ማንም አይነቅፈውም። ክቡርነትዎ፣ ሽማግሌዎቻችንን ያስገድዱልኝ። ተገድደው ይዳኑና ከዚያ እኔን እስኪደክማቸው ይርገሙኝ፤ ጉብታው ላይ ቁጭ ብዬ እሰማቸዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ራስዎ መምጣት ቢችሉ ከወረቀቱ ይበልጣል። ብቻ ሲመጡ ጽዋ እንዳይቀበሉ። አያ ባንታምላክ በፈገግታ ያቀርቡልዎታል። ከጠጡ እርስዎም እስከ ሰኔ 12 ታስረዋል።

11. አቤቱታዬን እዚህ ላይ ጨርሼ፣ ገበያ ለሚወርደው መኪና ልሰጥ አጥፌው ነበር። ዛሬ ጧት አባባ ከነጩ ሜዳ ብቻቸውን መጡ። ጫማቸው ነጭ ነበር፤ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ግን እስከ ጉልበታቸው ጥቁር ነበሩ። አልታጠቡትም። የድንኳኑ ምሰሶ ተዘምሞ አግኝተውት፣ ሊያቀኑት ሲነቅሉት ከጉድጓዱ ውስጥ ጥቁር ውኃ ቆሞ እንዳዩ በአጭሩ ነገሩኝ። ሲተክሉት ደረቅ ነበር። ወጣቶቹ ሳያዩ ጨው ሞልተውበት ረገጡት፤ ውኃው ግን በጎን ተመልሶ ወጣ። ሰማዩ እንደ ታምሬ ቀን ጥርት ያለ ነው።

ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡና፣ "ጽፈሻል አሉ" አሉኝ። ጽፌአለሁ አልኩ። "በእኔ ላይ ነው?"

"በእርስዎም በአያ ባንታምላክም" አልኳቸው።

"ባንታምላክን አብዝተሽ ጻፊ" አሉ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ከጀላቢያቸው ኪስ የላስቲክ ጠርሙስ አውጥተው ወረቀቱ ላይ አቆሙት። ውኃው ጠቁሯል፤ ከሥሩ ጨው ረግቷል።

"ይህን አብረሽ ላኪው" አሉ። "እኔ ምያለሁ። ጠርሙሱ አልማለም።"

ወዴት ነው አባባ ስላቸው፣ ልጆቹ እዚያ አይደሉ ወይ ብለው ከዘራቸውን አነሡ፤ ወደ ነጩም ተመለሱ። ጉብታው ላይ ወጥቼ እግራቸው እስኪጠፋና ወገባቸው ብቻ አየር ላይ እስኪቀር ድረስ አየኋቸው። በወፎቹ መካከል ነበር ያለፉት። አንዷም አልተነሣችላቸውም።

ትእዛዝዎን እዚሁ ጉብታው ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ።

ለመቸኮሌ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ዕፀገነት ቴዎድሮስ ስንሻው
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአያ ባንታምላክ፣ "ጽፈሽ ለሚመለከተው አቅርቢ" ባሉት መሠረት መቅረቡን እንዲያውቁት

አባሪ፦
አንድ ጠርሙስ ውኃ፣ ከደረቅ መሬት የተቀዳ